ምዕራፍ አራት፦ ዊንጌት፣ ሴክተር ሪቪው እና የ1966 ዓ.ም. የካቲት

የሕዝብ ፖሊሲ ጥናት መንግሥት ምን እንዳደረገ ብቻ ሳይሆን፣ ያን ለማድረግ እንዴት እንደወሰነ፣ ውሳኔውን እነማን እንዳረቀቁት፣ ሰነዱ በማን እጅ እንደቆየና የሚነካው ሕዝብ መቼ እንደሰማው የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። የፖለቲካ ታሪክ ጸሐፍት ዐይናቸውን በነገሥታት፣ በጦር አለቆችና በአብዮተኞች ላይ ማሳረፍ ስለሚቀናቸው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ የጥናት ሰነድ መንግሥት ለመናዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የሚያስታውሱት አልፎ አልፎ ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህ ሆኗል፤ በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር መምህራንን ከክፍል አስወጥቶ ከታክሲ ነጂዎች ጋር በአንድ ቀን ያሳደመው፣ ሕዝቡ «ሴክተር ሪቪው» ብሎ የሚጠራው የትምህርት ጥናት ነበር። ይህ ምዕራፍ የጥናቱን ውጥን፣ ይዘትና አወዳደቅ እየተከተለ፣ ሰነዱን የጣለው በውስጡ የተጻፈው ሳይሆን የተጻፈበት መንገድ እንደነበር ለማሳየት ይሞክራል። በምዕራፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከጉለሌ መነሣት ይጠቅማል። ከጳውሎስ ሆስፒታል አለፍ ብሎ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘውና ዛሬ የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት» እያሉ የሚጣሩለት ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ የባህል ተቋም በብሪቲሽ ካውንስል እርዳታ ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመለት ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገብተው በጎጃም አድርገው ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱ አብሯቸው የዘመተውን «ጌዴዎን» የተባለ ጦር የመራ እንግሊዛዊ መኮንን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 በእስያው ግንባር በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። ትምህርት ቤቱ የተከፈተበትን ችኮላ ለመረዳት ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ባዶነት ማስታወስ ያስፈልጋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ቀናትና ወራት የፋሺስት ጦር ፊደል የቆጠሩትን ወጣቶች እያደነ ስለፈጀ፣ ከነጻነት በኋላ የተቋቋሙት ሚኒስቴሮች ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝና ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገር ሰው አጥተው ነበር። የ1900ው የምኒልክ ትምህርት ቤትና የ1917ቱ ተፈሪ መኮንን ያፈሯቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ተሰደዋል። በኮተቤ በ1935 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ተከትሎት የመጣው ዊንጌት ይህን ጉድለት ፈጥነው እንዲሞሉ የታሰቡ ነበሩ፤ እነርሱም በተራቸው በ1943 ሥራ ለጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ አቀባዮች ሆኑ።

በዊንጌት የነበረው አሠራር የዘመኑን የትምህርት ፖሊሲ ከማንኛውም አዋጅ በላይ ያስረዳል። በየጠቅላይ ግዛቱ የሚማር ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ አገር አቀፍ ፈተና፣ በተለምዶ «ሚኒስትሪ» የሚባለውን፣ ይወስዳል፤ ከወሰዱት ውስጥ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ጥቂቶች ከቤተሰባቸው ተለይተው ወደ አዲስ አበባ ይመጡና በአዳሪነት ይገባሉ። አልጋው፣ ምግቡ፣ ደብተሩና መጽሐፉ በመንግሥት ነው። የሚያስተምሯቸው በብዛት እንግሊዛውያን ስለሆኑ፣ በሳር ክዳን ቤት ያደገው ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛን እንደ ሥራ ቋንቋ ይዞ ለለንደኑ የጂሲኢ ፈተና ይዘጋጃል። ንጉሠ ነገሥቱም እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን በራሳቸው እጅ ይዘው ስለነበር፣ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ ይጎበኙ፣ የተማሪውን ደብተር ገልጠው ያዩና በበዓል ቀን ብርቱካንና ሹራብ በእጃቸው ያድሉ ነበር። ይህ ልማድ ደግነት እንደነበረበት አይካድም፤ ከፖሊሲ አንጻር ሲታይ ግን ትምህርት የዜጋ መብት ሳይሆን የንጉሥ ስጦታ መሆኑን በተማሪው ልብ የሚያስቀምጥ፣ ስለ ትምህርት የሚወሰነውም በሰጪው ፈቃድ እንጂ በተቀባዩ ምክር አለመሆኑን በተግባር የሚያስተምር ሥርዓት ነበር። ኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ግንኙነት ውስጥ የተጸነሰ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አሠራር ለጥቂቶች ብዙ በመስጠት ላይ የቆመ ስለነበር ጉድለቱ የታየው ከውጭ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ሚኒስትሮች በዩኔስኮ አስተባባሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ሕፃናት ለማዳረስ ሲወስኑ፣ ስብሰባውን ያስተናገደችው ኢትዮጵያ፣ ለዘመናት ነጻነቷን ጠብቃ የኖረችው አገር፣ ትናንት ከቅኝ አገዛዝ ከወጡት ከብዙዎቹ በታች ሆና ተገኘች። ውርደቱ በሹማምንቱም በተማሪውም ዘንድ ተሰማ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ቢከፈቱም፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንኳ ዕድሜያቸው ለትምህርት ከደረሰ ሕፃናት ውስጥ ትምህርት ቤት የሚገቡት ከአምስቱ አንዱን አይሞሉም ነበር፤ ያሉትም ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ፣ በኤርትራና በጥቂት ከተሞች የተከማቹ ነበሩ። የገጠሩ ገበሬ ግብር ይከፍላል፤ ከግብሩ የሚሠራው ትምህርት ቤት ግን ልጁ ሊደርስበት ከማይችልበት ቦታ ነው የሚቆመው።

በሌላ በኩል ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት እየበዙ ሲሄዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊቀጥሯቸው አልቻሉም። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው ወንበር ይጠብቀው ነበር፤ በ1960ዎቹ ግን ማትሪክ ያላለፈው ቀርቶ ያለፈውም ደጅ መጥናት ጀመረ። የተማሪዎች እንቅስቃሴ የጠነከረውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ከወጡ ወዲህ ተቃውሞው በየዓመቱ እየተደጋገመ፣ በ1962 ታኅሣሥ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ከተገደለ በኋላ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ አልፎ ሁለተኛ ደረጃዎችን አዳረሰ።

መንግሥት በራሱ ገንዘብ ያስተማራቸው ልጆች ለምን በመንግሥት ላይ ተነሡ የሚለው ጥያቄ የኢትዮጵያን ፖለቲካ ታሪክ የሚያጠኑ ምሁራንን በቅርብ ዓመታት ሳይቀር ሲያከራክር የቆየ ነው። በካናዳ ያስተማሩት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጳውሎስ ሚልኪያስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ዙፋኑን ያጠናክራል ተብሎ የመጣው የምዕራባውያን ትምህርት ዙፋኑን የሚያፈርስ ልሂቅ እንደፈጠረ ያስረዳሉ። ፈላስፋው መሳይ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሥራቸው ደግሞ ትምህርቱ ወጣቱን ከአገሩ ባህልና ቅርስ ነቅሎ ስለጣለው ባዶ የቀረውን ቦታ የውጭ ርዕዮተ ዓለም እንደሞላው ይከራከራሉ። የታሪክ ተመራማሪው ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ሰፊ ጥናት በበኩሉ እንቅስቃሴው ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሰላ፣ በዓለም ዙሪያ ይነፍስ የነበረው የግራ አስተሳሰብ እንዴት እንደዘለቀውና የሥርዓቱ ግትርነት እንዴት እንዳከረረው በሰነድና በቃል ምስክርነት ያሳያል። ሦስቱም የየራሳቸው ክብደት አላቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም በዋናነት የሚመለከቱት ተማሪውን ነው። በ1966 የካቲት ሥራ ያቆመው ግን መምህሩ ነበር፤ መምህሩን ያስቆጣውም ርዕዮተ ዓለም ሳይሆን ፖሊሲ ነበር። ስለዚህ የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎቹ ተሾመ ዋጋውና ተከስተ ነጋሽ ትኩረት የሰጡት የሴክተር ሪቪው ጉዳይ ከአብዮቱ ታሪክ ዳር ሳይሆን ከመሐሉ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ሴክተር ሪቪው ማለት አንድን የመንግሥት የሥራ ዘርፍ፣ በዚህ አገባብ ትምህርትን፣ ከላይ እስከ ታች ፈትሾ ወጪውን፣ ውጤቱንና የወደፊት አቅጣጫውን የሚያስቀምጥ ጥናት ነው። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ተጀምሮ በዚያው ዓመት ማብቂያ የተጠናቀቀው ይህ ጥናት ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች በየጉዳዩ ተከፋፍለው የሠሩት ሲሆን፣ የዓለም ባንክ፣ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እጃቸው ነበረበት። ድምዳሜው ያለውን ሥርዓት ሳያቆላምጥ የሚገመግም ነበር፦ ትምህርቱ ለጥቂቶች የሚሰጥ፣ ከገጠሩ ኑሮ የተለየ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ለቀጣዩ ደረጃ መሸጋገሪያ ብቻ ያደረገና በመጨረሻም ሥራ ፈላጊ ምሩቅ የሚያመርት ነው የሚል።

መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም ከዚሁ የሚከተል ነበር። ዋናው ሐሳብ ለሁሉም ሕፃናት የሚዳረስ፣ በራሱ የተሟላ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማቋቋም ነው፤ ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስላት፣ እንዲሁም ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ አካባቢው የሚጠቅመውን ይማራል፣ አብዛኛውም በዚያ ያበቃል። ዕድሜያቸው አልፎ ትምህርት ቤት ላልገቡ ወጣቶች አጠር ያለ የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጣል። ከትምህርት ቤት ውጭ የሚሰጠው የጎልማሶችና የሙያ ትምህርትም ይስፋፋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ እንዲገኝ ግን የመካከለኛ፣ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ቅበላ እድገት እንዲገታ፣ ከአራተኛ በላይ የሚያልፈው ቁጥርም በአገሪቱ የሥራ ገበያ እንዲወሰን ሰነዱ መክሯል። በሌላ አነጋገር ዊንጌትን ለመሰሉ ትምህርት ቤቶች ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ገጠር ቀበሌ ይዙር ማለቱ ነበር።

በዚህ ላይ በግልጽ መፍረድ ይገባል፦ ሐሳቡ በመሠረቱ ትክክለኛ ነበር። ከመቶ ከዘጠና በላይ ሕዝቧ ማንበብና መጻፍ በማይችልባት አገር፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ የገጠር ሕፃናትን ፊደል ሊያስቆጥር በሚችልበት ሁኔታ፣ ቅድሚያውን ለብዙኃኑ መስጠት ተማሪዎቹ ራሳቸው በየሰልፉ ከሚጠይቁት ፍትሕ የራቀ አልነበረም። ሰነዱ ሊነሣበት የሚችለው ከባድ ጥያቄ ሌላ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ የሚቀረው የማን ልጅ ነው? ባለሥልጣኑና ነጋዴው ልጆቻቸውን በግል ትምህርት ቤት አስተምረው ወይም ወደ ውጭ ልከው ሊያስቀጥሉ ይችላሉ፤ የባላገሩ፣ የዘበኛውና የልብስ አጣቢዋ ልጅ ግን ከአዲሱ አጥር ወዲያ ሊሻገር አይችልም። ሥልጣንና መሬት በዘር በሚወረስበት አገር ድኻ ለልጁ የነበረው አንድ መሰላል ትምህርት ስለሆነ፣ መሰላሉን አራተኛው ደረጃ ላይ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልገውም ነበር። ጥያቄው መልስ የሚገኝለት ነበር፤ ለምሳሌ ከገጠር የሚመጡ ጎበዝ ልጆች የሚያልፉበትን ኮታና የነጻ ትምህርት ዕድል በመመደብ፣ ወይም የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ ሀብታሙ እንዲሸከም በማድረግ። መልሱ እንዲፈለግ ግን ጥያቄው በአደባባይ መነሣት ነበረበት፤ አልተነሣም።

ጥናቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። በጥናቱ ውስጥ የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቢሳተፉም፣ ዕቅዱን በየክፍሉ ሊፈጽሙት የሚገባቸው መምህራን በማኅበራቸው በኩል አልተጠሩም፤ ወላጆችም ሆኑ የጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪዎች የሚያውቁት ሹክሹክታውን ነበር። ሰነድ በተደበቀ መጠን ወሬው ይገዝፋል፤ ደመወዝ ሊቀነስ ነው፣ መምህራን በግድ ወደ ገጠር ሊላኩ ነው፣ የድኻ ልጅ ከአራተኛ በላይ እንዳይማር ሊከለከል ነው የሚለው ንግግር ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ወደ ቡና ቤት፣ ከቡና ቤት ወደ ዕድርና ወደ ማኅበር ተዛመተ። ከወሬው ገሚሱ እውነት፣ ገሚሱ ግምት ነበር፤ ለይቶ የሚያስረዳ ባለሥልጣን ግን አልተገኘም። መምህራኑ ቀድሞም ስለ ደመወዛቸውና ስለ እድገታቸው የቆየ ቅሬታ ነበራቸው። ሴክተር ሪቪው ያን የሙያ ቅሬታ ከወላጁ ሥጋት ጋር አገናኘው፤ መንግሥት ለየብቻ ሊያስተናግዳቸው ይችል የነበሩትን ሁለት ወገኖች ራሱ በአንድ አሰለፋቸው።

ይፋ የሆነበት ጊዜ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። የወሎ ረኀብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ የመንግሥትን ዝምታ ገልጦታል። በጥር 1966 መጀመሪያ በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ አቤት ብለው አምፀዋል። በዓለም ገበያ የነዳጅ ዋጋ በመናሩ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ የታክሲ ነጂዎችን አስመርሯል። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራን ማኅበር ሥራ ሲያቆም የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን አቆሙ፤ ተማሪዎችም ተከተሏቸው። መንግሥት ቀናት ሳይቆጠሩ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፣ ሴክተር ሪቪውም እንዲቆም አደረገ። ይህ ዓይነቱ ማፈግፈግ ለፖሊሲ አጥኚ ከፍተኛ ትምህርት አለው፤ አንድ መንግሥት ያመነበትን ዕቅድ ለማስረዳት ሳይሞክር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲጥለው፣ ለሕዝቡ የሚያስተላልፈው መልእክት «ተሳስተን ነበር» የሚል ሳይሆን «ብትገፉን እንወድቃለን» የሚል ነው። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ እንዳልካቸው መኰንን በማግስቱ ተሾሙ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋናቸው ወረዱ።

አብዮቱን ያመጣው ሴክተር ሪቪው ነው ማለት ትክክል አይሆንም። የመሬቱ ጥያቄ፣ ረኀቡና የወታደሩ ብሶት ከእርሱ የከበዱ ነበሩ። ጥናቱ ያደረገው ግን እነዚህ ሊያደርጉት ያልቻሉትን ነው፤ ወረዳ ድረስ ተበትኖ የሚገኘውን፣ ከገበሬውም ከከተሜውም ጋር የሚኖረውንና በአገሪቱ ከሁሉ ሰፊ የሆነውን የተማረ ሠራተኛ ክፍል ለተቃውሞ አንድ ምክንያትና አንድ ቀን ሰጠው።

ከይዘቱ ይልቅ አዘገጃጀቱ ወሳኝ እንደነበር የሚያስረዳው የታንዛኒያ ልምድ ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1967፣ ከአሩሻው መግለጫ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ «ትምህርት ለራስ መቻል» የተሰኘ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ ከሴክተር ሪቪው ጋር ወንድማማች ነው፤ አንደኛ ደረጃ ለሁለተኛ ደረጃ መዘጋጃ ሳይሆን በራሱ የተሟላ ይሁን፣ ከእርሻና ከሥራ ጋር ይተሳሰር፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አገሪቱ በምትችለው ልክ ይወሰን የሚል። ልዩነቱ ግን ጽሑፉ በመሪው ስም፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ታትሞ በፓርቲው ቅርንጫፎችና በትምህርት ቤቶች መወያያ መሆኑ ነው። ይህን ሲያነሡ ታንዛኒያን ማስዋብ አይገባም፤ ኔሬሬ ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የብሔራዊ አገልግሎት ግዴታን የተቃወሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከግቢ አባረዋል፣ የሁለተኛ ደረጃ ቅበላ መጠበቡም አገሪቱን ለረጅም ጊዜ ጎድቷታል። ቢሆንም ወላጁ ልጁ የት ላይ እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር ከመሪው አንደበት ሰምቶ ስለነበር ፖሊሲው በአንድ ሳምንት አመፅ አልተጣለም።

በኢትዮጵያ ሰነዱ ቢጣልም ሐሳቦቹ አልሞቱም። ከንጉሠ ነገሥቱ መውረድ በኋላ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ በሐምሌ 1971 ኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች የተሰጠውን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀምር፣ ሴክተር ሪቪው ጠቁሞት የነበረውን ከትምህርት ቤት ውጭ ያለ ትምህርት በስፋት ሥራ ላይ አዋለው፤ ዘመቻው የዩኔስኮን ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሷል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው አጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት ግምገማ እንደ ቀዳሚው ጥናት ከባለሙያዎች ክብ ሳይወጣ ቀረ። ደርግ ከወደቀበት ከ1983 በኋላ የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት መለስ ዜናዊ በ1964 ዓ.ም. ከዊንጌት የተመረቁ ሲሆኑ፣ በ1986 ሚያዝያ የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጎ እጅግ አሰፋው፣ ከአሥረኛ ክፍል በኋላም ብዙውን ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚመራ መንገድ ከፈተ። የመምህራን ማኅበር ግን ያን ጊዜም ፖሊሲው እኛን ሳያማክር ተዘጋጀ ብሎ ተቃወመ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ2010 ክረምት፣ የትምህርት ፍኖተ ካርታው ረቂቅ በአገር አቀፍ ደረጃ መምህራን በተገኙበት ለውይይት ቀረበ፤ ከዚያም የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቶ፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ተመልሶ፣ በ2015 ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት ብሎ ደረጃዎችን የሚከፍል አዲስ ፖሊሲ ጸደቀ።

የቀድሞው አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢም ከዚህ ጉዞ ጋር ተለውጧል፤ ዛሬ ጄኔራል ዊንጌት የሙያ ሠልጣኞችን የሚያስተምር ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ሴክተር ሪቪው መልስ ሳይሰጥበት የቀረው ጥያቄ ግን መልኩን ቀይሮ ተመልሷል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። መንግሥት ከወደቁት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸውን ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑትን በማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ቀሪዎቹ በየከተማውና በየገጠሩ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰዋል፤ አብዛኞቹም ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።